ሐይቅ ላይ የተሠራ በረት ከሰማይ ሲቆጠር

ከብት ያረባ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ከብቶቹ እንደወጡ የመጀመሪያው ሥራ በረት መጥረግ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከታለፈ በረቱ አያስገባም። አሁን ይህን በረት ሐይቅ ላይ አስቡት። ከብቱ ዓሣ ነው፣ አጥሩ መረብ ነው፣ ወለል የለውም። ፍጉና የተረፈው መኖ በመረቡ ቀዳዳ ሾልኮ ቁልቁል ይወርዳል። የሚጠርገው ሰው የለም።

ባለሙያዎቹ «ኬጅ» ይሉታል። እኔ በረት ማለቱን መርጫለሁ፤ ነገሩን ቶሎ ያሳያል። ከሩቅ ሲያዩት ብዙም አያስደነግጥም። በብረት ቱቦ የተበየደ አራት ማዕዘን፣ እንዳይሰጥም የታሰሩለት የፕላስቲክ በርሜሎች፣ ወደ ውሃው የተንጠለጠለ መረብ። ሠራተኛው በጀልባ ይመጣና ከጆንያ እየዘገነ እንክብል መኖ ይበትናል። ውሃው ወዲያው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ቆሮሶዎቹ፣ ቲላፒያ የሚባሉት ዓሣዎች ናቸው። ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላል። የኛ ጉዳይ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ከመረቡ በታች።

የማወራው ስለ ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው፤ ይበልጡን ስለ ኬንያው ዳርቻ። ሐይቁ 68,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣናን ከ20 ጊዜ በላይ ይውጣል። ከስፋቱ አንጻር ግን ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ 40 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግማሽ ያህሉ የታንዛኒያ ነው፣ ከ40 በመቶ በላዩ የኡጋንዳ፣ ለኬንያ የደረሳት 6 በመቶ አካባቢ ብቻ። በዚያች 6 በመቶ ላይ ደግሞ እንደ ኪሱሙ ያለ ትልቅ ከተማ፣ ብዙ አጥማጅና ብዙ ዓሣ በላተኛ ተጨናንቋል።

ሐይቁ ከዚህ በፊትም ብዙ አይቷል። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የሳተላይቱ መዝገብም በዚያው ነው) ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ተለቀቀበት። በ1980ዎቹ ይህ ዓሣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁን ትናንሽ ዓሣዎች ዝርያ ጠራርጎ በላ። ቀጥሎ እኛ በጣና የምናውቀው እምቦጭ መጣ። ናይል ፐርቹ ራሱ ወደ አውሮፓ እየተጫነ በተራው አነሰ። አጥማጁ መረቡን ጥሎ ባዶውን መመለስ ሲበዛበት፣ ኪሱሙ ገበያ ላይ ከቻይና በበረዶ የመጣ ቆሮሶ መሸጥ ሲጀምር፣ አንዳንዱ «ለምን እኔው አላረባም?» አለ። ከ2010ዎቹ ወዲህ በረቶቹ እንደ አሸን ፈሉ። የዓሣ ጫጩት ትገዛለህ፣ መኖ ትገዛለህ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ትጠብቃለህ፣ ትሸጣለህ። ይህን ሰው መውቀስ አይቻልም። ዓሣ ያመርታል፣ ሥራ ይፈጥራል።

ግን ሒሳቡን እንሥራ።

አንድ ቶን ቆሮሶ ለማድረስ ሥራው ጥሩ ከሆነ አንድ ቶን ተኩል ገደማ መኖ ይሄዳል። ከመኖው አንድ በመቶ ያህሉ ፎስፈረስ ነው እንበል። ይህ 15 ኪሎ ይመጣል። ግማሹ እንኳ የዓሣው አጥንትና ሥጋ ላይ ቢቀር፣ ሰባት ስምንት ኪሎ ውሃው ውስጥ ይገባል። ናይትሮጅኑም የራሱ ድርሻ አለው። ፎስፈረስ ማለት ውሃውን አረንጓዴ ለሚያደርገው ደቃቅ አልጌ እንደ ዳፕ ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ አሥር ቶን ዓሣ የሚያወጣ ሰው ሳያውቀው ወደ ሰማንያ ኪሎ የሚጠጋ ፎስፈረስ ሐይቁ ላይ በትኗል። ጥልቀት ባለውና ውሃው በሚንቀሳቀስ ቦታ ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ውሃው በተኛበት ጥልቀት የለሽ ሰርጥ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። አልጌው ይበዛል፣ ይሞታል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት በረት አለ የሚል ነው። ቀላል ይመስላል። አይደለም። በረት ቤት አይደለም፣ ካርታ የለውም። አንዱ ይፈርሳል፣ ሌላው በማዕበል ይገፋል፣ ሦስተኛው ሰው ሳያስፈቅድ አምስት ይጨምራል። በጀልባ እየዞርክ ስትቆጥር ሳምንታት ያልፋሉ፤ ቆጥረህ ስትጨርስ የመጀመሪያው ቁጥር አርጅቷል። የኬንያ ሐይቅ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ከፍተኛ ጥራት ያለው የሳተላይት ምስልና ድሮን ወደማጣመር የሄዱት ለዚህ ነው። ያገኙት ደግሞ በአሥርና በመቶ የሚነገር አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠሩ በረቶች፣ አብዛኞቹም ዳር ዳሩን ተጠግተው ነው።

ለነገሩ ራሴም ሞክሬዋለሁ። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ፕሮግራም የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶችን ምስል በነፃ ይለቃል። ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል። የመጀመሪያዋ በ2015፣ ሁለተኛዋ በ2017 ወደ ሰማይ ወጡ። ሁለት ሳተላይቶች ሲፈራረቁ አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ያነሳሉ። በኬንያው ዳርቻ ያለችውን የሩሲንጋን ደሴት ፈለግኩ፤ ቀረብ አደረግኩ፤ ከዚያ በላይ ማቅረብ እስኪያቅተኝ ድረስ። ውሃው ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጥቦች ታዩኝ። በረት ናቸው? ጀልባ ናቸው? ድንጋይ? የማዕበል አረፋ? መናገር አልቻልኩም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሴንቲኔል-2 በጥሩ ቀኗ የምታሳየው ትንሹ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ መቶ ካሬ። በኬንያ ዳርቻ የተለመደው ርካሹ በረት ደግሞ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው፤ አራት ካሬ። ከነጥቡ አራት በመቶ ብቻ ማለት ነው። አንድ ማንኪያ ወተት በጀበና ቡና ላይ ጨምረህ ቀለሙን ከሩቅ ለመለየት እንደመሞከር ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው ክብ የፕላስቲክ በረቶች ግን ሰፋፊ ስለሆኑ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። በነፃው ምስል ብቻ የቆጠረ ሰው ትልልቁን ቆጥሮ ትንንሹን ይዘላል። በተከፈለበት፣ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በታች በሚያሳየው ምስል የቆጠረ ደግሞ ትንንሹንም ያገኛል፤ ግን በየሳምንቱ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም።

መላው ጊዜ ነው። የአንድ ዓመት ምስሎችን ደርበህ ለእያንዳንዱ ነጥብ መካከለኛውን ዋጋ ብትወስድ ደመናው ይጠፋል። ጀልባው ይጠፋል። የማዕበሉ አረፋም ይጠፋል። የሚቀረው ሁልጊዜ እዚያው የነበረ ነገር ነው። ከዚያ ያለፉትን ዓመታት ታያለህ። በ2016 የሌለ፣ በ2018 የታየ፣ ከዚያም ያልተንቀሳቀሰ ነጥብ ድንጋይ ሊሆን አይችልም። ድንጋይ አይበቅልማ። ራዳርም ያግዛል። የተኛ ውሃ የራዳርን ሞገድ እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቀው በምስሉ ላይ ይጠቁራል። የበረቱ ብረት ግን ሞገዱን መልሶ ወደ ሳተላይቱ ይልከዋል፤ ያበራል። ሌሊትም ደመናም አይከለክለውም። ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ግን ሐይቁ ራሱ ያበራና ነገሩ ይምታታል።

በረቱን ቆጠርን እንበል። ጉዳቱስ?

ሳተላይት ፎስፈረስን አያይም። ኦክስጅንንም አያይም። የሚያየው ቀለም ነው። አልጌ ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ቀይ ብርሃን ይውጣል፤ ከቀዩ ትንሽ አለፍ ሲል ያለውን፣ ዓይናችን እምብዛም የማይለየውን ብርሃን ደግሞ መልሶ ይረጫል። ሴንቲኔል-2 ካሏት 13 የብርሃን መስመሮች ውስጥ አንዱ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ተተክሏል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ አልጌው በዝቷል ማለት ነው። ሴንቲኔል-3 የምትባለው እህቷ ደግሞ ዓይኗ ደከም ያለ ነው፤ ነጥቧ 300 ሜትር ነው። ግን በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ፍጥነት ትመለሳለች። አንዷ ጎበዝ ዓይን አላት፣ ሌላዋ ታታሪ ናት።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የኪሱሙው የዊናም ሰላጤ በጠባብ መተላለፊያ ነው ከዋናው ሐይቅ ጋር የሚገናኘው። ውሃው ቶሎ አይለዋወጥም። የከተማ ፍሳሽ ይገባበታል። እንደ ኒያንዶና ሶንዱ ሚሪዩ ያሉ ወንዞች ከእርሻ ማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ያመጡለታል። በረት የሚባል ነገር ሳይታወቅም አረንጓዴ ነበር። እምቦጩ አለ፤ እሱም ከሰማይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። ነፋስ ነድቶት በረቶቹ ላይ ሲከመር ደግሞ ጉዳቱንና ተጎጂውን መለየት ይቸግራል። ታዲያ ሳተላይቱ አረንጓዴ ሲያሳይ አጥፊው ማነው? ዓሣ አርቢው? ሽንት ቤቱ? ወንዙ?

ይህን ለመለየት ያለው ቅን መንገድ ማወዳደር ነው። በረት ከመግባቱ በፊትና በኋላ። በረት ያለበት ሰርጥና የሌለበት ጎረቤት ሰርጥ። ሁለቱም እኩል ከተለወጡ በረቱን አትክሰሰው። አንዱ ብቻ ከተለወጠ ጀልባ አስነስተህ ውሃና ጭቃ ቅዳ። በዚህ ላይ ሳተላይት የሚበልጠው ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ሊለካው የማይችለውን ስለያዘ ነው። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ከ2008 ወዲህ መዝገቡ ለማንም ነፃ ነው። በ1990 ውሃውን የቀዳ ሰው ላይኖር ይችላል። ፎቶው ግን አለ።

ምስሉ ሊያሳስትም ይችላል። ሴንቲኔል-2 በቪክቶሪያ ላይ የምታልፈው ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፤ አልጌው ኦክስጅን እየሠራ ነው። ውሃው ጤነኛ ይመስላል። ዓሣው የሚታፈነው ግን ሌሊት ነው። አልጌውም ዓሣውም ባክቴሪያውም ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ አድረው ኦክስጅኑ የሚያልቀው ንጋት ላይ ነው። ሳተላይቷ ስትደርስ ቀብሩ አልቋል።

በኅዳር 2022 ኪሱሙ አካባቢ የሆነውን ያስታወሰ አለ? በረት ውስጥ የነበሩ ዓሣዎች በጅምላ ሞቱ። ሰዎች ከባንክና ከማኅበር ተበድረው ያሳደጉት፣ ለገበያ የደረሰ ቆሮሶ በሆዱ ተገልብጦ ተንሳፈፈ። ጣት ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ፍሳሽ ተቀሰረ። ባለሙያዎች ያነሱት ዋናው ምክንያት ግን የኦክስጅን እጥረት ነው። ነፋስ የላዩን ውሃ ሲገፋው ከታች ያለው ቀዝቃዛ፣ ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። የዱር ዓሣ ሽታው ካልጣመው ይሸሻል። የበረት ዓሣ የት ይሄዳል? ለነገሩ የሚሸሸውም ሁልጊዜ አያመልጥም። በጥር 2021 በኡጋንዳ በኩል ግዙፍ ናይል ፐርቾች ሞተው ዳር ወጥተዋል፤ የአገሩ መንግሥት የኦክስጅን ማነስ ነው ብሏል። እነሱ በረት አያውቁም።

የቢሾፍቱ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። እዚያ ያሉት ጥልቅ ሐይቆች በብርዱ ወራት የታችና የላይ ውሃቸው ሲቀላቀል ዓሣ የሞተበት ጊዜ አለ።

እዚህ ጋ ሳተላይት አንድ ነገር መርዳት ይችላል፤ ሙቀት። ከታች የሚወጣው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ የላዩ ሙቀት በድንገት ሲወርድ ከሰማይ ይታያል። ከነፋስ ትንበያ ጋር ከተዳመረ «ነገ ማለዳ ተጠንቀቁ» ለማለት ያስችላል። አርቢው ይህን ቢያውቅ ምን ያደርጋል? መኖ ያቆማል። የጠገበ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። የደረሰውንም ቀድሞ አውጥቶ ይሸጣል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን በኪሳራና በትርፍ መካከል ያለው ትንሽ ነገር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሐሳብ ልምጣ። ስለ ሳተላይትና ሐይቅ የሚወራው ነገር ብዙ ጊዜ ውብ ቀለም ባላቸው የክሎሮፊል ካርታዎች ላይ ያተኩራል። ካርታው ያምራል፤ ስብሰባ ላይ ይታያል፤ ይጨበጨብለታል። እኔ ግን አሰልቺው ቆጠራ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሐይቁ ምን ያህል ፎስፈረስ እንደሚችል ብታሰላም፣ ስንት ቶን ዓሣ እንደሚረባ ካላወቅክ ስሌቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። የበረቱ ስፋት ከሰማይ ይለካል። ጥልቀቱንና ውስጡ ያለውን የዓሣ ብዛት ግን አርቢውን ጠይቀህ ነው የምታገኘው። ሳተላይቱ የጥያቄ ወረቀቱን ግማሽ ሞላልህ ማለት ነው፤ ቀሪው ግማሽ እምነት ይፈልጋል።

እምነቱ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። አርቢው «ከሰማይ ቆጠሩህ» ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ግብር ነው። ቀጥሎ ማፍረስ። «አያስቡ» አትበሉት። በፊሊፒንስ ላጉና ደ ባይ የሚባለው ሐይቅ ላይ የሆነው ይታወቃል። ዓሣ እርባታው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁን አንድ ሦስተኛ ያህል በአጥር ሸፈነው። ባለ ገንዘቡ ሰፊውን ቦታ ያዘ፤ ትንሹ አጥማጅ መተላለፊያ አጣ። ዓሣውም ተጨናንቆ ለማደግ የሚወስድበት ጊዜ ረዘመ። ከዚያ ወዲህ ማፍረስና መልሶ መሥራት ሲፈራረቅ ኖሯል፤ በ2017 እንኳ መንግሥት አጥሮቹን ሲነቅል ነበር። ቁጥሩ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ሁሉ ይድን ነበር አልልም፤ አጥሩን ያቆመው አቅም ያለው ሰው ስለሆነ። ግን ቁጥሩ የአደባባይ ከሆነ፣ ትንሹ አርቢም ጎረቤቱ ያለውን ማየት ከቻለ፣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ካርታው ቢሮ ውስጥ ብቻ መቅረት የለበትም። ኬንያ ውስጥ በየዳርቻው የአጥማጆች የዳርቻ አስተዳደር ኮሚቴዎች አሉ። ምስሉ ታትሞ ኮሚቴው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የማን በረት ለዳር እንደቀረበ፣ የማኑ ደግሞ ዓሣ በሚራባበት ጥግ ላይ እንደተተከለ ከሰዎቹ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኛ ጋስ? የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የዓሣ ነገር መነሳቱ ጨምሯል፤ ከህዳሴ ግድብ ጀርባ ደግሞ ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። በረት ላይ ቆሮሶ ማሳደግ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ኩሪፍቱ ላይ ተመራማሪዎች ገና በ2000ዎቹ ሞክረውታል። ነገሩ እየሰፋ መምጣቱ አይቀርም። የኔ ፍርሃት ጣና ነው። አማካይ ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፍጉ የሚርቅበት ቦታ የለውም። በዓለም ላይ የትም የሌሉ አሥራ አምስት ገደማ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉት፤ ከነሱም ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። የወንዝ አፍ ደግሞ በረት ለመትከል ዓይን የሚጥሉበት ቦታ ነው፤ ለመንገድ ቅርብ፣ ከማዕበል የተከለለ።

ቪክቶሪያን ከዘጋሁ በኋላ በዚያው ድረ ገጽ ጣናን ከፈትኩ። ደመና የሌለበት የበጋ ቀን መረጥኩ። በምሥራቅ በኩል ወንዞቹ የሚገቡበት ጥግ ቡናማ ነው፤ አፈር ነው። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ አረንጓዴ ጥብጣብ አለ፤ እምቦጭ ይሁን ረግረግ ሣር ከዚህ ላይ ሆኜ አልፈርድም። ጎርጎራን፣ ዘጌን፣ የጉማራን አፍ እያቀረብኩ አየሁ። ተሰልፈው የቆሙ ነጥቦች የሉም። ምስሉን ከነቀኑ አውርጄ አስቀመጥኩት።